ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ አሮጌ መኪናን ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 300 ሺህን ያለፈ መኪና ረጅም መንገድ አይችልም የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ቢኖርም ትክክል አይደለም። በደንብ የሞቀ ሞተር በተመጣጠነ ፍጥነት ለሰዓታት ሲሠራ የሚደርስበት መበላት፣ በየቀኑ ሳይሞቅ እየተነሣና እየጠፋ አጫጭር ምልልስ ሲያደርግ ከሚደርስበት ያነሰ ነው። እኔ እንዳየሁት አሮጌን መኪና መንገድ ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ አለማወቅ ነው። መኪናው ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ በጤናው ጊዜ የት ላይ እንደሚቆም፣ ጎማዎቹ በየትኛው ዓመት እንደተሠሩ የማያውቅ ሰው፣ መኪናው ጠባዩን ሲለውጥ ለውጡን ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ዝግጅቱን በአንድ ትንሽ ደብተርና በአንድ እስክሪብቶ ይጀምሩ።

ከጉዞው ቀን አንድ ወር ያህል አስቀድመው የዘይቱን መጠን፣ በኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን ከፍታ፣ የአራቱንም ጎማዎች ነፋስና በዕለቱ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ይጻፉ፤ ከዚያም በየሳምንቱ ይህንኑ ይድገሙ። ዘይቱን ሲለኩ መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት፤ ሞተሩም ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያውን ዘንግ) አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ እስከ መጨረሻው መልሰው ከከተቱት በኋላ እንደገና አውጥተው በሁለቱም በኩል ያንብቡት፣ ምክንያቱም አንደኛው በኩል ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተነካክቶ የተሳሳተ ከፍታ ሊያሳይ ይችላል። በብዙ መኪኖች ላይ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው ርቀት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ግማሽ ሊትር ቀንሶ ከተገኘ ለ3000 ኪሎ ሜትር ጉዞ አንድ ሊትር ተኩል እንደሚያስፈልግ አወቁ ማለት ነው፤ ረጅም መንገድ፣ ጭነትና ሙቀት ፍጆታውን ስለሚጨምሩት ሦስት ሊትር ቢይዙ ይመረጣል። ብዙ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ገደማ የሚደርስ ፍጆታን አሁንም እንደ ተገቢ ይቆጥሩታል፤ ስለዚህ መኪናው ዘይት መብላቱ ብቻውን ጉዞ አያስቀርም። የሚያሰጋው ፍጆታው ሳይታወቅ መውጣት፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ፍጆታው እየጨመረ መሄዱን አይቶ ዝም ማለት ነው።

ጥገናን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ምክር አለኝ፤ በጉዞው ዋዜማ ምንም ትልቅ ሥራ አያሠሩ። አዲስ የተገጠመ ዕቃ ችግር ካለበት ችግሩ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ በደንብ ያልጠበቀ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)፣ ተጣሞ የገባ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ሳይመለስ የቀረ ቡሎን፣ ሳይሰካ የተረሳ የሴንሰር ሽቦ ይኖራል። ስለዚህ የሚሠራው ሁሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ይለቅና ከዚያ በኋላ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚያህል የሙከራ መንገድ ላይ፣ ለጉዞው ሊጫን የታሰበውን ያህል ክብደት ይዞና በጉዞው ሊነዳ በታሰበበት ፍጥነት ይሞከር። ከሙከራው ሲመለሱ ኮፈኑን ከፍተው በተነካካው ቦታ ሁሉ እርጥበት መኖር አለመኖሩን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። በደህና የሚሠራን ዕቃ ስላረጀ ብቻ መቀየርም አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ከዚህ ሕግ ውጭ የማደርገው ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ፣ ማለትም ቱቦን፣ ቺንጋን (የሞተር ቀበቶን) እና የመኪና ጎማን ነው፤ እነዚህ ቢሠሩም ባይሠሩም በዕድሜ ይሞታሉና።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የማቀዝቀዣው ክፍል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ቱቦዎች አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይጫኗቸው። ጤነኛ ቱቦ ጠንከር ብሎ ይገባና ወዲያው ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ጫፉ አካባቢ እንደ ሰፍነግ የሚለሰልስ፣ ያበጠ፣ ወይም ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቆዳ የሚንኮሻኮሽ ቱቦ መቀየር አለበት። ፋሼታው ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት መሰል ነገር ደርቆ ከታየ ኩላንት በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ፣ ሙቀቱም ውሃውን እያተነነ ዝቃጩን ብቻ እየተወው መሆኑን ያመለክታል። የውሃ ፖምፓው ከሥሩ ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ቀዳዳ በኩል የሚወርድ ፈሳሽ የውስጡ ማሸጊያ መበላቱን የሚናገር ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለውን ፖምፓ ይዞ ረጅም መንገድ መውጣት አይገባም።

ሰው ከሚንቃቸው ዕቃዎች አንዱ የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ የሚሠራው ውሃው እንዳይፈስ መድፈን ብቻ አይደለም፤ ግፊት ይይዛል፤ ግፊቱም ፈሳሹ የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ከአየር ግፊት በላይ አንድ ባር ገደማ ሲያዝ ተራ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) የተሰነጠቀ ክዳን ይህን ግፊት ስለማይዝ ፈሳሹ ቀድሞ ይፈላል። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ላይ ግፊት የሌለበት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይህ የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት (ሲሞቅ ለኩላንቱ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ከሚከፈትበት፣ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ካለው ሙቀት እጅግም አይርቅም። ክዳኑ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ የመቼ እንደሆነ ካልታወቀ በተመሳሳይ የግፊት መጠን አዲስ መግጠም ነው። ኩላንቱም ተራ ውሃ ብቻ ከሆነ ተጣጥቦ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይሞላ፤ ይህ ቅልቅል እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች በረዶ ሳይሆን የሚቆይ ሲሆን ከውስጥ ዝገትንም ይከላከላል። ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ለመፈተን መኪናውን አቁመው ሞተሩ እየሠራ ይጠብቁ፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ መርፌው ከተለመደው ቦታ ብዙ ሳያልፍ በራሱ መነሣትና ሲቀዘቅዝ መቆም አለበት።

ከዓመታት በፊት በነበረኝ መኪና ላይ የደረሰው ነገር ይህን ክፍል እንዳልንቅ አድርጎኛል። ራዲያተሩን አሳጥቤ፣ ትልልቆቹን ቱቦዎች አስቀይሬ፣ ከሞተሩ ኋላ ወደ ካቢኑ ማሞቂያ የሚሄደውን አውራ ጣት የሚያህል ቱቦ ግን ሳላይ ወጣሁ። ዳገት ላይ የሙቀት መርፌው ከመካከል ከፍ አለና ጥቂት ቆይቶ በድንገት ወደ ታች ወረደ። መውረዱን መቀዝቀዝ መስሎኝ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ጨመርኩ። ለካ ትንሹ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ሁሉ አልቆ ነበር፤ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ፈሳሽ ውስጥ ካልተነከረ በዙሪያው ያለው ባዶ አየር ስለሆነ መርፌው የሞተሩን እውነተኛ ሙቀት አያሳይም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣመመ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ፣ ጉዞውም እዚያው አበቃ። ስለዚህ መርፌው ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን ያለ ምክንያት ሲወርድም ያቁሙ። የካቢን ማሞቂያው በርቶ ሳለ ትኩስ አየር መስጠቱን በድንገት ካቆመ ይህም ውሃው ስለማለቁ የሚናገር ሌላ ምልክት ነው።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን ችግር አስቀድሞ ካለ ጉዞው መቅረት ይኖርበታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ ዘይቱ ሊቬሎው ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መልክ ከያዘ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጭምር ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ ከማርሚታው (ከጢስ ማውጫው) የሚወጣ ከሆነ ለመካኒክ ማሳየት ግድ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ስስ ነጭ ቅባት ግን በአጭር ምልልስ ምክንያት የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ አይደንግጡ። ሰማያዊ ጢስ የዘይት መቃጠልን፣ ጥቁር ጢስ የነዳጅ መብዛትን ያመለክታል።

ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማ ቀበቶ) ያለው ከሆነ መቼ እንደተቀየረ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ይፈልጉ። አምራቾች የሚሰጡት ገደብ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙዎቹ ከ90 ሺህ እስከ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሆን የዓመት ገደብም አብሮ ይሰጣል። ጽሑፍ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ማስቀየር ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ስለሚጋጩ ጥፋቱ በቺንጋው ዋጋ አይቆምም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ከሆነ ፖምፓውን፣ የመወጠሪያ ሮለሩንም አብሮ መቀየር የሁለተኛ ጊዜ የእጅ ዋጋን ያስቀራል።

ጎማን ሰው የሚመዝነው በጥርሱ ነው፤ በአሮጌ መኪና ላይ ግን ዕድሜው የበለጠ ይመዝናል። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥሩ ቢሆንም ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በጥብቅ መመርመር፣ አሥር ዓመት የደረሰውን ያለ ክርክር መጣል ይገባል። ጎኑን በእጅ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ፣ ወይም እጅ የሚሰማው እብጠት ካለ፣ ከሙቀትና ከጭነት ጋር የሚፈነዳው ይህ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዝናብ ለሚነዳ ሰው ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየሩ ደህና ነው። ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ መጠኑም ጎማው ላይ የተጻፈው ሳይሆን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ነው፣ በዚያም ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ይኖራል። በመንገድ ላይ ሲሞቅ ነፋሱ ስለሚጨምር ጨምሯል ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። ተቀያሪውን ጎማ አውርደው ነፋሱን ይለኩ፤ የጎማ ቡሎኖቹም ባለው መፍቻ መላላታቸውን እዚያው ይሞክሩ፤ በማሽን ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን መንገድ ዳር በእጅ አይፈታም። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ቡሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዲኦቲ 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ቁጥር እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም እግር ሥር ይሰምጣል። ከሁለት ዓመት በላይ ካልተቀየረ ያስቀይሩት። የፍሬን ፓዱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከቀረው አብሮ ይቀየር። ጎማውን በክሪክ ከፍ አድርገው ከላይና ከታች ይዘው ሲያንቀሳቅሱት ጨዋታ ካለ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) ወይም ቦል ጆይንቱን (ጎማውን ከሚይዘው ክንድ ጋር የሚያገናኘውን መጋጠሚያ)፣ ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲያንቀሳቅሱት ጨዋታ ካለ ቴስቲኒውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) ይጠርጥሩ። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድና ወደ አንድ ጎን ሲታጠፉ የሚለወጥ የማጉረምረም ድምፅ የኩሽኔታ ድምፅ ነው።

ባትሪው ሌሊቱን አርፎ ጠዋት 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ባትሪውና ዲናሞው ደህና ናቸው። የባትሪውን ጫፎች ነጭ ዝገት ከያዛቸው ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያለው መኪና ዘይቱ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ከሆነ ከጉዞ በፊት ባለሙያ ይየው። የነዳጅና የአየር ማጣሪያዎቹን መቀየር ቀላል ሥራ ነው።

ለመያዝ የሚገባው ዕቃ የመኪናው ደብተር በሚናገረው መሠረት ይወሰን እንጂ ጋራዥ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ክብደቱ ራሱ ሞተሩንና ጎማውን ያደክማል። እኔ ሁልጊዜ የምይዘው ትክክለኛው ዓይነት የሞተር ዘይት፣ አምስት ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ኩላንት፣ አንድ የዲናሞ ቺንጋ፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ፋሼታዎች፣ ፊውዞች፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ ጥሩ ክሪክና ክሪኩ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላ፣ ካቻቢቴና ከ8 እስከ 19 ቁጥር ያሉ መፍቻዎች፣ ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የእጅ ጓንት፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና የእሳት ማጥፊያ ነው። የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ቁጥር ደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ ርቆ ላለ ሰው በስልክ መለዋወጫ ለማዘዝ የሚጠየቁት እነዚህን ነው።

መንገድ ላይ ለአሮጌ መኪና ትልቁ መድኃኒት ፍጥነት መቀነስ ነው። የአየር ግፊያው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር በ110 የሚነዳ መኪና በ90 ከሚነዳው ይልቅ በግማሽ ያህል የበለጠ የአየር ጫና ይገፋል፤ ያንን ጫና ለማሸነፍ የሚጠየቀው የሞተር ኃይልም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ የሚመጣውን ሙቀት የሚያወጣው ያው የደከመ ራዲያተር ነው። ጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ጫናውን ስለሚያብሰው ዕቃው ውስጥ ከቻለ ውስጥ ይግባ። ዳገት ላይ ሞተሩ ከማቃሰቱ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፣ ቁልቁለት ላይም በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ያድርጉ እንጂ ፍሬን ላይ እግርዎን አያሳርፉ። ነዳጁ ከሩብ በታች እንዳይወርድ ማድረግም ጥቅም አለው፤ በታንኩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነውና።

በየሁለት ሰዓቱ ሲያቆሙ ከመኪናው እንደወረዱ አራቱን ጎማዎች ይዙሩ። ፍሬን አብዝተው ሳይዙ ከቆሙ በኋላ የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መካከል ሳይነኩት ጠጋ ያድርጉት። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ መሞቃቸው የተለመደ ነው፤ ቀኙ ከግራው በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ግን ወይ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይ ኩሽኔታው እየተቃጠለ ነው። ይህ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከሁሉም ምርመራ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው።

መርፌው ከተለመደው ቦታ መውጣት ሲጀምር አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው መስኮቶቹን ያውርዱ፤ ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ሙቀቱን ይካፈላል። ካልወረደ ደህና ቦታ ላይ አቁመው ሞተሩን ያጥፉና ኮፈኑን ይክፈቱ። ክዳኑን ግን አይንኩ፤ በግፊት የተያዘ የጋለ ፈሳሽ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ፊትና እጅ ይቀቅላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ይጠብቁ፤ ከዚያ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ውስጥ በአንድ ጊዜ መጨመር ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ሞተሩን አስነሥተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ።

ከመነሣትዎ በፊት፣ ልብዎ በተረጋጋበት ሰዓት፣ ጉዞውን የሚያቋርጡበትን ወሰን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። የዘይት ግፊት መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ወዲያው ማጥፋትና መጎተት ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረው ብሎ መቀጠል ሞተርን ይገድላል። ውሃ በ100 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር በላይ ከጎደለ፣ ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ መሪው ካንቀጠቀጠ ወደ ቅርቡ ጋራዥ መግባት እንጂ ወደ ፊት መሄድ አይሁን። መድረሻው ሲቃረብና ተሳፋሪዎቹ ሲደክሙ የሚሰጠው ውሳኔ ሁልጊዜ ወደ መቀጠል ስለሚያጋድል አስቀድሞ የተጻፈው ቁጥር ይዳኝ።

ማታ ሲያድሩ ሞተሩና ካምቢዮው ባሉበት ትይዩ መሬት ላይ ሰፊ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሚገኘው ነጠብጣብ የሌሊቱን ወሬ ይነግርዎታል፤ ጥርት ያለ ውሃ ከአየር ማቀዝቀዣው የወረደ ስለሆነ አያሳስብም፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ ኩላንት፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው፤ በጎማው ትይዩ የወደቀ ቢጫ መሰል ስስ ፈሳሽ ግን የፍሬን ዘይት ስለሆነ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሞተሩን አያስነሡ። የነጠብጣቦቹን ብዛትና ቦታ በእስክሪብቶ ከበው ቀኑን ይጻፉበት፤ ያንኑ ካርቶን በማግስቱ ማታ በዚያው አቅጣጫ መልሰው ሲያነጥፉት አዲሱን ከአሮጌው ለይተው ያያሉ።